በክረምት የተመረገ ግድግዳ

በጎንደር ከተማና ከዚያ ወደ ሰሜን፣ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ የጽዋ ማኅበራትና የወረዳ በጎ ፈቃደኞች የድሆችን ቤት ለማደስ ይወጣሉ። ሥራው መልካም መሆኑ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ጊዜውና ደንቡ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ሁለት ተናጋሪዎች ለክርክሩ ስል ያቆምኋቸው እኔ ነኝ። አንደኛው በግንባታ ሥራ ያረጁ ጋሼ ናቸው፤ ሁለተኛዋ የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የበጎ አድራጎት ክፍል ሰብሳቢ። ጋሼ የሚሉት ባመዛኙ የእኔው ሐሳብ ነው። ልጅቱ ግን ሁለት ቦታ ላይ ሐሳቤን አስለውጣኛለች፤ የት የት እንደሆነ አንባቢ ያገኘዋል።

ሰብሳቢዋ፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ ሦስት ቤት ይዘናል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አፍርሰን፣ ፍልሰታ ሳይገባ ልስኑን መጨረስ ነው ሐሳባችን። ቆርቆሮውን ምእመናን ገዝተውልናል፣ ባህር ዛፉም ተገኝቷል፣ ጭቃውን እኛው እንረግጣለን። የተመዘገበው ልጅ ከበቂ በላይ ነው። ምን ይጎድለናል ይላሉ?

ጋሼ፦ ፀሐይ ነዋ! ልጄ፣ የጭቃ ቤት ማንም የሚሠራው ይመስላል እንጂ የራሱ ሥርዓት አለው። አፈሩ ተመርጦ ይቆፈራል፤ መረሬ ሲደርቅ አፉን ስለሚከፍት ቀዩ አፈር ይመረጣል። ጭድ ይጨመርበታል፣ በውሃ ይርሳል፣ ይረገጣል፣ ተሸፍኖ ይተዋል፣ በማግስቱ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ ልሞ ጭቃው መሽተት ሲጀምር ነው በሰለ የሚባለው። ከዚያ በማገሩ መካከል ይመረጋል። ምርጉ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ደርቆም እስኪሰነጣጠቅ ይጠበቃል፤ ምክንያቱም ያንን ስንጥቅ የሚሞላው ቀጥሎ የሚመጣው ልስን ነው። ልስኑም በተራው ደርቆ ነው እበትና አመድ የሚቀባው። በጥር ፀሐይ ይህ ሁሉ በጥቂት ሳምንት ያልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጎንደር ላይ እንኳ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የማይወርድበት ቀን ብርቅ ነው፤ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ደባርቅማ ጉሙ ከጠዋት እስከ ማታ አይገፈፍም። እናንተ ደግሞ ፍልሰታ ሳይገባ መጨረስ ስላለባችሁ እርጥቡን ምርግ በእርጥብ ልስን ትሸፍኑታላችሁ። ውሃው መውጫ ያጣል። እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ልስኑ መስቀል ሳይደርስ እንደ ቅርፊት ይላጣል፣ ባለ ቤቷም በእርጥብ ግድግዳ መካከል ጭስ እያጨሰች ስታስል ትከርማለች። ርክክቡ ዕለት የሚነሣው ፎቶ ላይ ቤቱ ያምራል። እርጥብ ጭቃ ሁሉ ያምራል።

ሰብሳቢዋ፦ ይህን የማያውቅ የለም፣ ጋሼ። ግን ልጆቻችን ነፃ የሚሆኑት መቼ ነው? ዩኒቨርሲቲው የሚዘጋው በክረምት ነው፣ ትምህርት ቤቱም እንዲሁ። ከከተማ ውጭ የሚማሩት ወደ ቤተሰባቸው የሚመለሱት ያኔ ነው። መንግሥትስ ቢሆን የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ብሎ የሰየመው ለዚህ አይደለም? ጥር ላይ ልጥራቸው ብል አምስት ሰው አላገኝም።

ጋሼ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ጊዜውን የመረጠው የሠራተኛው ዕረፍት ነው፤ ቤቱ አልተጠየቀም። አባቶቻችን ጎጆ የሚቀልሱት ሰብል ከገባ በኋላ ነበር፤ ይህም ለልማድ ብቻ አልነበረም። ጭዱ ከአውድማ የሚወጣው ያኔ ነው፤ ለክዳን የሚሆነው ሣር የሚታጨደው ዝናቡ ሲያባራ ነው፤ ወንዙ የሚሻገረው፣ አህያው ሳይሰምጥ እንጨት የሚያደርሰው፣ ጎረቤቱ ከእርሻ እጁን የሚያሳርፈው ያኔ ነው። በሐምሌ የወገራ ገበሬ ለሞት እንኳ ካልሆነ ከማሳው አይነቃነቅም፤ ጭዱም በዚያን ጊዜ የከብት ነፍስ ማቆያ ስለሆነ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ በክረምት የሚሠራ ቤት ቁሳቁሱ ውድ፣ ጎረቤቱ የሌለበት፣ ግድግዳው የማይደርቅ ቤት ነው። የተመቸው ለአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ለመጣው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ከመታ በኋላ ከሰሜን አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ቤት የሚሠሩ ቡድኖች ወደዚያ ጎርፈው ነበር። ከርት ቨር ቢክ የሚባል፣ እዚያው የሚኖር የሶሲዮሎጂ መምህር ነገሩን ኋላ ላይ መረመረው። የአገሩ ሰው የሠራው ቤት 2 ሺህ ዶላር ያህል ሲፈጅ፣ የእንግዶቹ ቡድን በአንድ ቤት ላይ ያወጣው የጉዞ ወጪው ሲደመርበት እስከ 30 ሺህ ዶላር ይደርስ ነበር። ታዲያ በነዋሪዎቹ ኑሮ ላይ የታየው ለውጥ ማን ሠራው በሚለው አልተለያየም፤ ቤት ማግኘታቸው ጠቀማቸው፣ የእንግዳ መምጣት ግን የተለየ ነገር አልጨመረም። የብዙዎቹም አስተያየት ያ ገንዘብ ተልኮ ተጨማሪ ቤት ቢሠራበት ይሻል ነበር የሚል ነበር።

ሰብሳቢዋ፦ ጋሼ፣ እኛ እኮ በባጃጅ ነው የምንሄደው።

ጋሼ፦ አውቃለሁ፤ የሆንዱራሱን ስሌት እንዳለ አልጭንባችሁም። ግን የቲሸርቱን ማሳተሚያ፣ የባነሩን፣ ወደ ደጋው ሲኬድ የሚኮናተረውን አውቶቡስ፣ የምሳውን ደምሪው፤ ስንት ቅጠል ቆርቆሮ ይገዛል? አሁን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሣ ወጣት በአውቶቡስ ጭኖ ከወረዳ ወረዳ ማጓጓዝ በገንዘብ የማይለካ አደጋ አለበት። የዳባቱን ቤት የዳባት ሰንበት ትምህርት ቤት ቢሠራው፣ ጎንደር ያለው ቆርቆሮና ምስማሩን ቢልክ፣ ምን ይቀራል? የሚቀረው የጉዞው ደስታ ነው። የጉዞው ደስታ ደግሞ በራሱ ጥሩ ነገር ነው፣ አልነቅፈውም፤ በድሃ ቤት ስም አይመዝገብ ነው የምለው።

ሰብሳቢዋ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ልደታ ሰፈር ይበሉት ሳሙና በር፣ ጣራዋ ወንፊት የሆነባት አንዲት ባልቴት አለች እንበል። ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሳፋና ጣሳ እያፈራረቀች ነው የምታድረው። እርስዎ ኅዳር እስኪገባ ጠብቂ ሊሏት ነው? ጭቃው እንዲደርቅ እሷ ትርጠብ?

ጋሼ፦ ይህ ልክ ነው። ክረምት ምንም አይሠራበት ብዬ ከሆነ አጥፍቻለሁ። እንግዲያው ጣራና ግድግዳን እንለያቸው። ቆርቆሮ መድረቅ አያስፈልገውም። ቋሚው ጤነኛ ከሆነ በአንድ ቀን ብራ አሮጌው ወርዶ አዲሱ ይመታል፤ አሸንዳ ይንጠለጠላል፤ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቀደዳል፣ ግድግዳውን ከሥሩ የሚበላው ከላይ ከሚወርደው ይልቅ ከመሬት የሚረጨው ውሃ ነውና። ቋሚው የበሰበሰ ከሆነ ሸራ ተወጥሮ፣ ሴትዮዋ ለጊዜው ወደ ልጇ ወይም ወደ ጎረቤት ትጠጋለች። የማይደረገው ማፍረስ ነው፤ በሐምሌ ግድግዳ አፍርሶ ሰውን ከነዕቃው ሜዳ ላይ ማስቀረት ኃላፊነት አይደለም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ክረምት የሚጠቅምበት አንድ ሥራ አለ፤ ቤት የሚመረመረው በክረምት ነው። በጥር ሁሉም ቤት ደህና ይመስላል። ዝናብ ሲወርድ ግን ውሃው ራሱ የት እንደ ገባ፣ የት እንዳቆረ፣ የትኛው ጥግ እንደ ሰመጠ ያሳይሻል። ያ ሁሉ ልጅ ካለሽ ለሁለት ለሁለት አድርገሽ ደብተር አስይዘሽ በየቤቱ ላኪያቸው። የበጋውን ሥራ የሚመራው ያ መዝገብ ነው።

ሰብሳቢዋ፦ ምርመራ ለልጆቹ ሥራ አይመስላቸውም። ጭቃ መርገጥ ነው የሚፈልጉት።

ጋሼ፦ ጎንደር ላይ ይህን ማስረዳት ከባድ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን እያደረገ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ቡድኑ መጀመሪያ አካባቢውን ያጠናል፤ የትኛው ምንጭ እንደተበከለ፣ ስንቱ ቤት መጸዳጃ እንደሌለው ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ ነው አካፋ የሚነሣው። ቁፋሮው ከጥናቱ ቀጥሎ እንጂ በጥናቱ ፈንታ አልነበረም። ደግሞ ከደብተሩ ጋር አንድ ሌላ ሥራ አለ፣ እሱም ከጭቃ ይከብዳል። ወረቀት ነው።

ለመሆኑ ከያዛችኋቸው ሦስት ቤቶች ስንቱ የባለ ቤቶቹ ነው? ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ጀምሮ የከተማው ድሃ በብዛት የሚኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ኪራዩ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ተከራዩ ግድግዳውን ገፍቶ መሥራት፣ ክፍል መጨመር፣ አንዳንዴም ቆርቆሮ መቀየር ያለ ፈቃድ አይችልም። የቤቱ እርጅና ራሱ ከዚህ ይመነጫል፤ የእኔ ባልሆነ ቤት ላይ ማን ገንዘብ ያፈሳል? ሴትዮዋ ነገ ብታልፍ ቤቱ ወደ ቀበሌው ሊመለስ ይችላል፤ አብራት የምታድገው የልጅ ልጇ ምን እንደምትሆን ማንም አያውቅም። የራሷ ነው የተባለውም ቢሆን ካርታ ከሌለው አዲስ የቆመው ግድግዳ ሕገ ወጥ ግንባታ ተብሎ ቀይ ቀለም ሊቀባበት ይችላል። አያት ያወረሱት ጎጆ ከሆነ ደግሞ እስከዛሬ ብቅ ያላላት ዘመድ ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ ድርሻዬን ብሎ ይመጣል። ስለዚህ አንዲት አካፋ ከመነሣቷ በፊት ከማዘጋጃ ቤቱ የተጻፈ ፈቃድ፣ በቀበሌ ቤት ከሆነ ተከራይዋ እንደማትነሣ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ፣ የውርስ ከሆነ የወራሾች ስምምነት መያዝ አለበት። ሽማግሌ ሴት ለዚህ ወረፋ ጉልበት የላትም፤ ሂጂና ነገ ነይ ሲሏት ትቀራለች። ሕግ የሚማር ልጅ ከመካከላችሁ አይጠፋም። እሱ ከቢሮ ቢሮ የሚመላለስበት አንድ ሳምንት የሠላሳ ሰው ጭቃ ያወጣል።

ሰብሳቢዋ፦ የቀበሌ ቤት ነገር ሲነሣ፣ አንድ ለጋሽ ሌላ ሐሳብ አምጥተውልን ነበር። ከከተማው ዳር ቦታ እናስፈቅድና አሥር ቤት በአንድ መስመር እንሥራ፣ ከየሰፈሩ የተመረጡ ድሆች ይግቡበት ነው የሚሉት። ይዞታውም አንድ ላይ ይጨረስ ነበር።

ጋሼ፦ ለሠሪው የሚያመች ነገር ስታዪ ቆም በይ። አሥር ቤት በአንድ መስመር ለአናጢው ይቀላል፣ ለመኪናው ይቀላል፣ ለምረቃውም ይቀላል። ግን አረቄ ቸርችራ የምትኖር ሴት ደንበኞቿ ያሉት የት ነው? ስትታመም በሩን የምታንኳኳው ጎረቤትስ? እድሯስ? የሰሜን ተራሮችን ፓርክ ታሪክ ታውቂዋለሽ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ከገባ በኋላ ግጦሹንና እርሻውን መቀነስ ግድ ሆነ፤ የግጭ መንደር ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ2016 ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከመዝገቡ ወጣ። ለተነሺዎቹ ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷል። ከሣር ጎጆ ወደ ቆርቆሮ ቤት መግባታቸው በሪፖርት ላይ ዕድገት ይመስላል። ገብስ መዝራትና በግ ማርባት ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ከተማ መካከል ባለች ቁራሽ መሬት ላይ ምን ይሠራል? እዚያ ጥበቃው የግድ ነበር፤ ዋሊያው ሌላ አገር የለውም። የእናንተ ድሃ ግን የምትነሣበት ምንም ግድ የለም። ካለችበት ቦታ ላይ ይታደስላት። አስቸጋሪነቱ የሠሪው ይሁን።

ሰብሳቢዋ፦ እስካሁን ስለ ጊዜና ስለ ቦታ ነው የተናገሩት። ደንቡ ላይስ ቅሬታ አለዎት?

ጋሼ፦ አለኝ። በእኛ አገር ቤት በደቦና በጅጌ ሲሠራ የሚጠራው ባለ ቤቱ ነው። ጅጌ ጠራሁ ይላል፤ ሰው ይመጣለታል፤ ጠላው ይቀዳል፤ ሥራው ሲያልቅ ተመርቆ ይለያያል። ወንፈል ከሆነ ደግሞ ብድሩን በጉልበቱ ይመልሳል። በሁለቱም መንገድ የሚሠራለት ሰው ጋባዥ ነው፤ በገዛ ደጁ ላይ ቀና ብሎ ይቆማል። የእናንተ አሠራር ይህን ገልብጦታል። ጠሪው ኮሚቴ ነው፣ ተጠሪው ወጣት ነው፣ ባለ ቤቷ ደግሞ ጥግ ላይ ወንበር ተሰጥቷት ቁጭ ብላ ትመረቃለች፣ ትቀረጻለች። ሪፖርቱም ስሟን አያውቀውም፤ አቅመ ደካማ ይላታል። ጎረቤቶቿ እኮ በልጇ ስም የእገሌ እናት እያሉ ነው የሚጠሯት። ከዕድሳት በፊት ተብሎ የሚለጠፈው ፎቶ ደግሞ የጠቆረ ድስቷን፣ የተቀደደ ፍራሿን፣ ለዘመዷ እንኳ ያላሳየችውን ገመና ለአገር ያሳያል። ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የሚባለው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ጆርጂያ የተጀመረውና በ1993 ወደ ኢትዮጵያም የመጣው፣ ከመነሻው ይህን አስቦበት ነበር፤ ቤቱ እንደ ምጽዋት አይሰጥም፣ ቤተሰቡ ራሱ በሥራው ላይ ሰዓት ይቆጥራል፣ ወጪውንም ያለ ወለድ ቀስ ብሎ ይከፍላል። እኛ ደግሞ ከዚያ የቆየ ሥርዓት በእጃችን እያለ ትተነዋል። ስለዚህ ባለ ቤቷ ትጥራ፤ ጠላውን ትጥመቅ፣ ቢያንስ ቡና ታፍላ።

ሰብሳቢዋ፦ በምኗ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ፣ ይህ የወንድ ሐሳብ ነው። ጅጌ የሚጠራው ጌሾና ብቅል ያለው ነው። ደግሶ መጥራት የማይችል ሰው ድሮም ጅጌ አይጠራም፤ ቤቷ የፈረሰው እኮ መጥራት ስላልቻለች ነው! አሁን ሠላሳ ልጅ ይመጣልሻል፣ ቡና አፍዪ ብንላት ከሱቅ ተበድራ ስኳር ትገዛለች፣ በግም አለመኖሩ ያሳፍራታል። ክብሯን እንጠብቅ ብለን ዕዳ እናስገባታለን። በዚህ ላይ የጅጌን ጉልበት የሚያውቁት ጠላውን የጠጡት ናቸው፤ የጠመቀችውን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ጋሼ፦ ደግመሽ ረታሽኝ። እውነት ነው፤ ጅጌ ያላቸውን የሚያስተሳስር እንጂ የሌላቸውን የሚያነሣ ሥርዓት አልነበረም። ከእሱ የሚወሰደውን ወስደን የቀረውን እንተወው። ቡናና ስኳሩ ከሥራው በፊት በማታ፣ ሰው ሳያይ ይግባላት፤ እንጀራውን የእድሩ ሴቶች ያዋጡ፤ እሷ ግን ትቅዳ። ጀበናው ከእጇ አይወሰድ። በርና መስኮቱ በየት በኩል ይሁን፣ ምድጃው የት ይቀመጥ ተብላ እሷ ትጠየቅ። ካሜራ በእሷ ፈቃድ ብቻ፣ የውስጡ ደግሞ ፈጽሞ አይነሣ።

ሰብሳቢዋ፦ ያለ ፎቶ ገንዘብ አይመጣም፣ ጋሼ። አሜሪካና ካናዳ ያሉ ወንድሞችና እኅቶች ቆርቆሮ የሚገዙት አይተው ነው።

ጋሼ፦ ማየት መብታቸው ነው። የተመታውን ቆርቆሮ፣ የቆመውን ቋሚ፣ ደረሰኙን ይዩ። ይልቅ ፎቶው ላይ የማይታየውን ነገር ይጠይቁ፤ ቆርቆሮው ስንት ጌጅ ነው? 35 ነው 30? ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ እንደሚጨምር ስንቱ ለጋሽ ያውቃል? ስሱ በደጋው በረዶ ተቀጥቅጦ በጥቂት ዓመት ያፈሳል። የቋሚው እግር መሬት ከመግባቱ በፊት የተቃጠለ ዘይት ተቀብቷል ወይ? ካልተቀባ ምስጥ ይገባበታል። በሦስተኛው ክረምት ቤቱ ምን እንደሚመስል ፎቶ የላከላቸው ማኅበር አለ?

ለዚህም ነው አናጢውና ግንበኛው ይከፈላቸው የምለው። የእናንተ ልጆች ባሬላ ይሸከሙ፣ ጭቃ ይርገጡ፣ ድንጋይ ያቀብሉ፤ ቱንቢና ውሃ ልክ ግን የባለሙያው ነው። ሁሉም በነፃ ይሁን ሲባል የሚጎዳው የዕለት ጉርሱን በካዞላ የሚያገኘው ሰው ነው፤ እሱም እኮ ባለጸጋ አይደለም። ጎንደር ደግሞ በዚህ ነገር የቆየ ዕዳ አለባት። ፋሲል ከተማዋን ከመሠረተበት ከ1628 ዓ.ም. ወዲህ በተነሡት ግንቦች ላይ ከሠሩት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከተማዋ በግንቡ ስትኮራ ኖረች፤ ባለ እጁን ግን ቡዳ አለችው፤ መሬትም ነፈገችው። እጅ ያለውን ሰው መናቅ ዛሬም አለቀ አልልም። በጎ ፈቃደኛው ተጨብጭቦለት አናጢው ስሙ ሳይነሣ ሲቀር ያው ነገር ነው።

ሰብሳቢዋ፦ አንድ የሚያስጨንቀኝ ቀረ። ሥራችን የቤተ ክርስቲያን ነው። ከያዝናቸው ሦስት ቤቶች አንዱ ግን የሙስሊም ቤተሰብ ነው። አንዳንዱ ምእመን በእኛ አሥራት ለምን ይላል። ሌላው ደግሞ ከሠራችሁ አይቀር ትምህርት አስገቡበት ይላል።

ጋሼ፦ ሁለቱም አይሆንም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ግድም፣ ሙስሊሞች በዚህች ከተማ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ በጉባኤ ተወስኖ ነበር፤ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር ታሪኩ ከዚያ ይያያዛል። ሰፈር ቢለይም ገበያው፣ ለቅሶውና ጉርብትናው አልተለየም። ቤት ልሥራልህና ልስበክህ ማለት ደግሞ ሥራውን ንግድ ያደርገዋል። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ሃይማኖቱን እንዳልጠየቀው እናንተ ከእኔ በላይ ታስተምራላችሁ። ለሰጪው ምእመን ግን በግልጽ ንገሩት፤ አሥራቱን ለሌላ ሥራ እንዲውል የሚፈልግ ካለ ይለይና ይስጥ። ይልቅ ስለ ሃይማኖት ካነሣሽ አንድ ሌላ ነገር አስቢ፤ ከተሜው ቅዳሜ ነፃ ነኝ ብሎ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ በብዙ አጥቢያ ቅዳሜም ሰንበት ናት፣ ሞፈር አይያዝባትም። ለድሃ መሥራት በሰንበት ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እኔ አልፈርድም። ግን የአገሬው ሰው ቆሞ እያየ እንግዳው ብቻ ጭቃ ሲረግጥ ጅጌው ያኔ ተበላሸ።

ሰብሳቢዋ፦ እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ልመልስዎት። ጥር ላይ ልጅ የለኝም።

ጋሼ፦ ሦስት ቤት ከሆነ ብዙ ልጅ አያስፈልግሽም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያድስ ካህኑም አንጥረኛውም ሽቶ ቀማሚውም ብዙዎቹ በየቤታቸው ትይዩ ያለውን ሠሩ፤ ለዚህ ነው ቶሎ ያለቀው። የባልቴቷ ቤት በእድሯ፣ በጎረቤቶቿና በአጥቢያዋ ልጆች በሁለት የጥር ሳምንት ይመረጋል፣ በየካቲት ይለሰናል። ተማሪዎቹ በክረምት መዝግበው፣ ወረቀቱን ጨርሰው፣ ጣራውን መትተው፣ ቦዩን ቀድደው ይሄዳሉ። የክረምቱ ልጅና የበጋው ጎረቤት በአንድ ደብተር ይገናኙ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ሳይጥል፣ ሁለት ልጅ ሄዶ የተላጠውን ይለስን፤ የጭቃ ቤት ዕድሜው በዚህ ይረዝማል።

ሰብሳቢዋ፦ ዘንድሮ ታዲያ ሦስቱን ግድግዳ አናፈርስም ማለት ነው። ሰጪዎቹ ምን ይሉናል?

ጋሼ፦ ቆርቆሮውን አሳዪአቸው፤ በሐምሌ ሦስቱም ጣራ ሊመታ ይችላል፣ ቋሚው ከያዘው። የግድግዳውን ገንዘብ በባንክ አስቀምጪና ቀኑን ንገሪያቸው። ከሁሉ በፊት ግን የጭዱን ነገር አስቢ። ጭድ የሚረክሰው አውድማ ላይ እያለ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ ጥር። ከወገራ በአህያ ተጭኖ ሲመጣ የሚያርፍበት ደረቅ ቤት ያስፈልገዋል።

ሰብሳቢዋ፦ እሱ የለንም።

በዚህ ላይ ሁለቱን ላቋርጣቸው። በጎንደርና በአካባቢዋ ባላችሁ አድባራት ግቢ ውስጥ ዕቃ የማይቀመጥበት፣ ጣራው የማያፈስ አንድ ክፍል ያላችሁ ሰበካ ጉባኤያት፣ ለአጥቢያችሁ የበጎ አድራጎት ክፍል ከኅዳር ጀምሮ ቁልፉን ብትሰጡ ለሦስት ቤት የሚበቃ ጭድ ይይዛል።